ህንድ ምግብ ቤት የማልኩት መሐላ

ዛሬ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ ጥቁር ለብሼ ፒያሳ ወዳለ አንድ ህንድ ምግብ ቤት ስገባ አስተናጋጇ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«ውይ ሙሽራዋ! እንኳን ደስ አለሽ!»

ሙሽራዋ እኔ ነኝ። ጥቁሩ የአባቴ ነው።

ቆይ፣ ቆይ። ኮመንት ለመጻፍ አትሩጡ። እስከ መጨረሻው አንብቡልኝና ከዚያ እንደፈለጋችሁ ስደቡኝ።

ከሁለት ወር በፊት እዚሁ ገጽ ላይ አንድ ፎቶ ለጥፌ ነበር። ፊት ለፊቴ ቀይ ወጥ፣ ናን የሚሉት ቂጣቸው፣ ቢጫ ሩዝ፤ እኔ ደግሞ ጥርሴ እስከ መንጋጋዬ ድረስ ተገልጦ። ከላይ «ዕረፍት ማለት ይህ ነው። እሺ ብያለሁ!» ብዬ ጽፌበታለሁ። ብዙዎቻችሁ ላይክ ሰጣችሁኝ። አንዳንዶቻችሁም «ቀለበቱን አሳዪን እንጂ» አላችሁ።

ቀለበት የለም። ያኔም አልነበረም።

ያ ፎቶ ሲነሳ አባቴ ከሞተ ግማሽ ቀን አልፎት ነበር። ከእኔ በስተቀር ሁሉም ሰው ያውቃል። ይኸው፣ ዋናውን ነገር መጀመሪያ ነገርኳችሁ። በእኔ የተደረገውን በእናንተ አላደርግም።

አባዬ ቡታጅራ ውስጥ የሚስማርና የቆርቆሮ ሱቅ ነበረው። እናታችን ልጆች እያለን ስላረፈች እኔንና ታናሽ ወንድሜን ዳግምን ያሳደገን እሱ ነው። አብስሎ፣ አጥቦ፣ ጸጉሬን ሳይቀር ራሱ ሹሩባ ሰርቶ። ሹሩባው ጠማማ ነበር፤ እሱ ግን ቀጥ ብሏል ብሎ ድርቅ ይል ነበር።

ልጅ ሆኖ ሂሳብ ያስተማሩት ህንዳዊ ነበሩ፤ ሚስተር ማቲው ይባላሉ። በዚያ ዘመን ከህንድ አስተማሪ ያልተማረ የለም፤ ካላመናችሁኝ አባቶቻችሁን ጠይቁ። አባዬ ከሚስተር ማቲው ሁለት ነገር ወረሰ። አንደኛው የማባዛት ሰንጠረዥ ነው። ሁለተኛው ያቺ የህንዶቹ ራስ መወዝወዝ ናት። አዎም አይም ያልሆነችዋ። መጀመሪያ በአስተማሪው ለመቀለድ ነበር የጀመራት፤ በዚያው ለምዶበት ቀረ።

«ጋሼ፣ የቆርቆሮ ሚስማር አለ?»

ራሱን ውዝውዝ።

«አለ ነው የለም?»

አሁንም ውዝውዝ። ደንበኛው ግራ ሲገባው ራሱ ገብቶ ይፈልጋል። ከተማው በሙሉ ይስቅበት ነበር፤ እሱም ከሁሉም በላይ ይስቅ ነበር።

አባዬ አንድ አምሮት ነበረበት። የሚስተር ማቲው ቤት ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ነበር። ከምሳ በፊት ባለችው ክፍለ ጊዜ በመስኮት የሆነ የምግብ ሽታ ይገባል። ሽንኩርት ነው እንዳይሉት ሽንኩርት አይደለም፤ ቅመሙን የሚያውቅ ተማሪ የለም። «ያ ሰውዬ ምን ይበላ እንደነበር ሳላውቅ ሸመገልኩ እኮ» ይለን ነበር።

ቃል ገባሁለት። «አባዬ፣ የዓመት ፈቃዴን ስወጣ ቡታጅራ መጥቼ ሳምንት አብሬህ እቆያለሁ። ከዚያ ይዤህ አዲስ አበባ እመጣና ህንድ ቤት እጋብዝሃለሁ።»

ፈቃዱን ወጣሁ። ቡታጅራ ግን አልሄድኩም።

መጀመሪያ ትንሽ ልረፍ አልኩ። ዓመቱን ሙሉ ቢሮ ተቀምጬ ወገቤ አልቋል፤ እስቲ ልተኛ፣ ጸጉሬን ልሠራ፣ ከሄኖክ ጋር ልዙር። ሄኖክ ማለት ፍቅረኛዬ ነው፤ ሦስት ዓመት አብረን ሆነናል። አባዬ የትም አይሄድም አልኩ። እንዲህ ነው ያልኩት፤ የትም አይሄድም።

እሁድ ደወለልኝ።

«መቼ ነው የምትመጪው?»

«በሚመጣው ሰኞ ነው፣ አባዬ።»

«እሺ። እረፊ። ብዪ ልጄ።»

ስልክ የሚዘጋው ሁልጊዜ እንዲህ ብሎ ነው። ቻው ማለት አያውቅም። ሰኞ ሲመጣ አባዬ አፈር ከለበሰ ሦስት ቀኑ ነበር።

አሁን ፎቶው ወደተነሳበት ሐሙስ ልውሰዳችሁ።

እኔና ዳግም እሪ በከንቱ ተከራይተን ነው የምንኖረው። ጠዋት ዳግም ሥራ ሄዷል፤ እኔ ጸጉሬን በፎጣ ጠቅልዬ ግቢው ውስጥ ልብስ አሰጣለሁ። አከራያችን እትዬ ሙሉ ከቤታቸው ወጡ፣ ቀጥ ብለው መጡና አቀፉኝ። እትዬ ሙሉ ሰው የሚያቅፉ ሴትዮ አይደሉም። «ልብስ አታስጪ፣ ውሃ አታፍስሺ» ነው የሚሉት።

«ቁርስ በላሽ?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ፣ በላሁ።»

«በደንብ ብዪ እንጂ የኔ ልጅ።»

ብለው ተመለሱ። እኔ የቤት ኪራይ ሊጨምሩብን ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

አምስት ሰዓት አካባቢ ዳግም ደወለ። «ምሳ ልጋብዝሽ። የት መብላት ትፈልጊያለሽ?»

ዳግምን ስለማታውቁት ነው የማትደነግጡት። ዳግም ማለት «እኔ በልቻለሁ» ብሎ ተቀምጦ የእናንተን ሳህን የሚጨርስ ልጅ ነው። ጋበዘኝ ማለት አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

«ህንድ ቤት» አልኩት። ለአባዬ ቀድሜ ልቅመስለት ብዬ ነው። ይኸ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ፣ እኔም አምሮኝ ነበር።

ዳገቱን ወጥቼ ፒያሳ ስደርስ ሄኖክም አለ። በሥራ ቀን። ኮት ለብሶ። ሄኖክን በኮት ያየሁት የእህቱ ሰርግ ላይ ብቻ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠረጴዛውን ያያሉ፤ ስገባ ሁለቱም ብድግ አሉ።

አሃ አልኩ በልቤ። ሊጠይቀኝ ነው!

ሁሉም ነገር ልክክ አለልኝ። ወንድሜ ምስክር ነው። ኮቱ ኪስ አለው፤ ኪሱ ውስጥ ቀለበት አለ። እትዬ ሙሉም ሰምተዋል፤ ለዚህ ነው ያቀፉኝ። ሦስት ዓመት ስጠብቅ ከርሜ ዛሬ ደረሰ። ጸጉሬን መሠራቴ እንዴት ጠቀመኝ አልኩ።

እነሱ የያዙት ምስጢር ግን ሌላ ነው።

አባዬ ሌሊቱን በእንቅልፉ አርፏል። የአባዬ እህት፣ አክስታችን እቴነሽ፣ ጠዋት ሥራ ቦታው ደውላ ለዳግም ነግራዋለች፤ እሱም ለሄኖክና ለእትዬ ሙሉ ነግሯል። ቀብሩ ዓርብ ከሰዓት ነው። ለእኔ ደግሞ በደንቡ መሠረት ዓርብ ንጋት ላይ፣ በቤቴ፣ ትልልቅ ሰዎች ባሉበት መርዶ ይነገረኛል። እስከዚያ ድረስ አክስቴ የሰጠችው ትእዛዝ አንድ ነው፤ «ሳትበላ እንዳይነገራት። ከነገ ጀምሮ እህል በአፏ አይዞርም። ዛሬ በደንብ አብሏት።»

ምሳው ለዚህ ነው። ወንድሜ አባቱ በሞተ ቀን፣ አልቅሶ ሳይወጣለት ፊቱን ታጥቦ እኔን ሊያበላ መጣ።

እኔ ደግሞ ገና ከመቀመጤ «ምነው ፊትህን አጠቆርከው? ዛሬ እንኳን ፈገግ በል እንጂ፤ ዕረፍት ላይ ነኝ እኮ!» አልኩት።

ፈገግ አለ።

ሜኑ መጣ። በፎቶ እያየሁ በቅቤ የተሠራ ዶሮ አዘዝኩ፤ ምስር ጨመርኩ፤ ሩዝ ጨመርኩ። ባንኮኒው ጋ የቆሙትን ሽማግሌ ህንዳዊ፣ ባለቤቱ ናቸው፣ «ይኼ በጣም ያቃጥላል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ራሳቸውን ውዝውዝ አደረጉልኝ።

«ዳግም! አየሃቸው? አባዬን! ቁርጥ አባዬን!»

ዳግም ወደ መስኮቱ ዞረ።

ምግቡ ሲመጣ ብቻዬን ገባሁበት። ሄኖክ ሹካውን ሩዙ ላይ ሰክቶ ይዞታል እንጂ አያነሳውም። የዳግም ስልክ በየደቂቃው ይጠራል፤ ውጭ ወጥቶ አውርቶ ይመለሳል። ቀለበቱ ዘግይቶ ነው አልኩ።

«እናንተ ለምንድነው የማትበሉት?»

«አንቺ ብዪ» አለ ሄኖክ።

«ብዪ ትርሲ፣ ብዪ» አለ ዳግም።

በዚያ ቀን «ብዪ» ያላለኝ ሰው የለም።

እሺ፣ አሁን ክፉዋ ቦታ ደረስን። ቶሎ ልጨርሳት።

ናኑን ቆረስኩ፣ ወጡን አጠቀስኩ፣ ሥጋ ጨመርኩበት። ጠቅለል አድርጌ ወደ ዳግም አፍ ዘረጋሁ። ጉርሻ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሳጎርሰው ነው ያደገው። አፉን ገጠመ።

«አልፈልግም ትርሲ።»

«አንዴ።»

«በናትሽ ተይኝ።»

ጉርሻ በእጅ ተይዞ አይመለስም። ታውቁታላችሁ። የመጨረሻዋን መሣሪያ መዘዝኩ።

«አባዬ ይሙት ትበላታለህ!»

እንዲህ አልኩ። ሁላችሁም የምትሉትን። እናቴ ትሙት ትጠጣለህ፤ አባቴ ይሙት ትቀመጣለህ። አፋችን ለምዶታል። የምንምልበት ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ እየጠበቀን ስለሆነ ነው የምንደፍረው። ሞት አጠገቡ የደረሰ ቢመስለን ስሙንም አናነሳው።

ዳግም ቀና ብሎ አየኝ። ብዙ አየኝ። ከዚያ አፉን ከፈተ።

በላት። እያኘከ እንባው በሁለቱም ጉንጮቹ ወረደ። አልጠረገውም።

እኔ ሳቅኩ። «ቃሪያው ነው አይደል? አላልኩህም ያቃጥላል?» ብዬ አስተናጋጇን ጠራሁና እርጎ አዘዝኩለት።

እርጎ፣ ወገኖቼ። ለአባቱ ሞት እርጎ አዘዝኩለት።

አላበቃሁም። ስልኬን አውጥቼ ሳህኑንና ራሴን አንድ ላይ አነሳሁና ለአባዬ በቴሌግራም ላክሁለት። «አባዬ የሚስተር ማቲውን ምሳ አገኘሁልህ! ሰኞ መጥቼ ይዤህ እመጣለሁ» ብዬ። ወዲያው ታየ። «እየጻፈ ነው» አለኝ ስልኩ። ቆየ። በጣም ቆየ። አባዬ መጻፍ አይወድም፤ ሁልጊዜ ድምፁን ነው ቀርጾ የሚልክልኝ። ይኼም አላነቃኝም።

«ብዪ ልጄ» የሚል መጣ።

ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። «አያችሁ? አባዬ ራሱ ብዪ ብሎኛል!»

ዳግም ወንበሩን ሊጥለው ምንም ሳይቀረው ተነሳና መታጠቢያ ቤት ገባ።

ሄኖክ እጄን ያዘኝ። እጁ በረዶ ነው። «ትርሲ… አንድ ነገር ልነግርሽ…» አለና የኮቱን ቁልፍ ይፈታ ይቆልፍ ጀመር።

አዘንኩለት። ሦስት ዓመት ጠብቄ እዚህ ደርሶ ሲጨነቅ ማየት አልቻልኩም። ላግዘው ብዬ ነው።

«እሺ!» አልኩ።

«ምን?»

«እሺ! አገባሃለሁ!»

ድምፄ የአባዬ ነው፤ ከሱቅ እስከ መናኸሪያ የሚሰማ። ቤቱ በሙሉ ዞረ። አስተናጋጇ አጨበጨበች፤ አጠገባችን ያሉት ሰዎችም አጨበጨቡ። ሽማግሌው ከባንኮኒው ራሳቸውን ወዝውዘው በስኳር ውሃ የተነከረ፣ ኳስ ኳስ የሚመስል ጣፋጭ በነፃ ላኩልን። ሄኖክ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ተንሰቀሰቀ።

እንዴት ያለ ሆደ ቡቡ ሰው ነው የሰጠኝ ብዬ ጀርባውን አሻሸሁት። ከዚያ አስተናጋጇን «ፎቶ አንሺን» አልኳት። እናንተ ያያችሁት ያንን ነው። ፎቶው ጥግ ላይ የሚታየው የሰው ጀርባ ሄኖክ ነው።

ቡታጅራ ያለች የአክስቴ ልጅ ሥሩ ላይ የሚያለቅስ ፊት አስቀመጠች። «ቀናሽ እንዴ?» ብዬ መለስኩላት። እስካሁን እዚያው አለ። አላጠፋሁትም፤ ይታይ።

ዓርብ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። እትዬ ሙሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ቆመዋል። ከኋላቸው የግቢው ሰው፣ የዕድሩ ሽማግሌ፣ ሄኖክ ያንኑ ኮት ለብሶ። ነጠላቸውን አየሁና «ማን?» አልኩ። ዳግም ከኋላዬ መጥቶ ወገቤን ያዘኝ።

የቀረውን አልጽፈውም። ያየው ያውቀዋል፤ ያላየውን አይግጠመው።

አንድ ነገር ብቻ። ወደ ቡታጅራ ስንወርድ አፌ ውስጥ ገና ያ ቅመም ነበር። ጥርሴን ብፍቅ፣ ብጉመጠመጥ፣ አልለቅ አለኝ። ለቅሶ ቤቱ በር ላይ «አባዬ!» ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት «ይሙት» የምትለዋ ቀድማ መጣችብኝ። አፌን በሁለት እጄ ያዝኩት። ሰው ድንጋጤ ነው አለ።

በአርባው ዕለት አክስቴን ጠየቅኳት። «ብዪ ልጄ የሚለውን ማን ነው የጻፈው?»

አንገቷን ደፋች። አክስቴ ጽሕፈት የተማረችው በትልቅነቷ ነው፤ ፊደል ለቅማ ነው የምትጽፈው። «ስልኩ እኔ ጋ ነበር። ዝም ብልሽ ትጠረጥሪያለሽ፤ ትደውያለሽ። እሱ የሚልሽን ጻፍኩልሽ» አለችኝ። «ዋሸሁሽ?» ብላ ደግሞ እኔን ጠየቀችኝ።

ራሴን ወዘወዝኩ።

ሄኖክን ትጠይቁኛላችሁ፤ አውቃለሁ። ሄኖክ ድንኳን ተክሏል፣ ወንበር ተሸክሟል፣ ሦስት ሌሊት ከዳግም ጎን ፍራሽ ላይ አድሯል። ጥያቄውን ግን እስከ ዛሬ አልጠየቀኝም። መልሱ እጁ ላይ ስላለ ይመስለኛል። እኔም ደግሜ አላነሳሁበትም፤ አንዴ የተዋረድኩት ይበቃኛል።

የሚያሳስበኝ ዳግም ነው። ከዚያ ወዲህ ሱሪው ወገቡ ላይ አይቆምም። አንድ ቤት ውስጥ እየኖርን እኔ በራሴ ክፍል እበላለሁ፤ እሱ «በልቻለሁ» ይላል። ድሮ «በልቻለሁ» ሲል ሳህኔን ይጨርስ ነበር። አሁን የምሩን አይነካም። ስለዚያች ጉርሻ አንድም ቀን አላወራንም። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንንም አላጎረስኩም። እጄን ፈራሁት።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። «ተነስ፣ ህንድ ቤት እንሂድ» አልኩት።

«አብደሻል?»

«አባዬ ሳይበላው የቀረውን እንብላለት።»

ከዚያ ጫማውን አደረገ።

እና ገባን። እኔ በጥቁሬ፣ እሱ በጥቁሩና ባልተላጨ ጢሙ። ያቺው አስተናጋጅ ከሩቅ አየችኝ። «ውይ ሙሽራዋ! እንኳን ደስ አለሽ! ጥቁር ደግሞ እንዴት ነው ያማረብሽ! ሙሽራውስ የታል?»

ሰው ሁሉ ዞረ። ደግሞ!

ከዚያ የዳግምን ጢም አየች። ልብሴን እንደገና አየች። እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ማን ነው?» አለች በቀስታ።

«አባታችን።»

«ነፍስ ይማር… መቼ ነው?»

ዋሽቼ ማለፍ እችል ነበር። ግን እኔ ትርሲት ነኝ፤ አፌ አያርፍም። «ያጨበጨብሽልኝ ቀን» አልኳት።

ልጅቷ እዚያው ቆማ አለቀሰች። ሜኑውን ደረቷ ላይ አቅፋ ታለቅሳለች። እኔ ደግሞ ተነስቼ አይዞሽ እላታለሁ። ሐዘንተኛዋ እኔ፣ አጽናኟም እኔ። የሚበላው ሰው ሹካውን አስቀምጦ ያየናል። ሽማግሌው ባለቤት ሠራተኛቸው ስታለቅስ አይተው ከባንኮኒው ወጥተው መጡ። አማርኛቸው የፒያሳ ነው፤ ዕድሜያቸውን እዚሁ ነው የኖሩት።

ነገርኳቸው። አባቴን ያስተማሩት ያገርዎ ሰው ነበሩ፤ ሚስተር ማቲው የሚባሉ። ከምሳ በፊት ምን እንደሚያበስሉ አባቴ ሳያውቅ ሞተ። ያን ቀን እዚህ የበላሁት ለእሱ ብዬ ነበር።

«ማቲው?» አሉ። አሰቡ። «ስሙ ማቲው ከሆነ የደቡብ ህንድ ሰው ነው። እኛ የሰሜን ህንድ ምግብ ነው የምንሠራው። ያን ቀን ያዘዝሽውን እሱ ቤቱ አይሠራም ነበር።»

ሰማችሁ? ምግቡም ስህተት ነበር! አባቴን ትቼ፣ ወንድሜን አስለቅሼ፣ ፎቶ ለጥፌ የበላሁት ምሳ የሌላ ሰው ምሳ ነው።

«የደቡቡን መሥራት ይችላሉ?» አልኳቸው።

ራሳቸውን ውዝውዝ።

እኔና ዳግም ተያየን። መጀመሪያ እሱ ነው ያመለጠው። በአፍንጫው ፍርፍር ብሎ ሳቀ፤ እኔም ተከተልኩት። ከሁለት ወር በኋላ የመጀመሪያ ሳቃችን ነው። እያለቀስን ነው የሳቅነው። አስተናጋጇ ግራ ገብቷት እንባዋን መጥረጉን አቆመች።

ሽማግሌው ወጥ ቤት ገቡ። ትንሽ ቆይቶ ዘይት ሲንጣጣ ተሰማ። ከዚያ ሽታ መጣ። ሰናፍጭ ዘርና የሆነ ቅጠል ነው አሉን በኋላ። ዳግም አፍንጫውን ቀና አደረገ።

«ይኼ ይሆን?» አለኝ።

«እንጃ።»

ሊነግረን የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ምስር በሩዝ ነው ያመጡልን፤ የቤት ምግብ። በእጃችን በላን። ማለቴ እኔ በላሁ፤ ዳግም እጁን ታጥቦ ተቀምጧል። ሳላስበው ጠቅልዬ አነሳሁ። እጄ አየር ላይ ቆመ። አፌ የለመደውን መሐላ ፈለገ። በማን ልማል? እማዬ የለች። አባዬ የለም። የቀረኝ እሱ ራሱ ነው።

ዳግም እጄን አየው። «አትማይ» አለኝ። «ዝም ብለሽ አጉርሽኝ።»

አጎረስኩት። አኘከ፣ ዋጠ። ሁለተኛም አጎረስኩት። ሦስተኛውን ሳልጠቀልል ተውኩት።

«ዳግምዬ፣ ያን ቀን በአባዬ ስለማልኩብህ… ይቅር በለኝ።»

«ስለማልሽብኝ አይደለም እኮ የበላሁት።»

«ታዲያ?»

አፈረ። ሩዙን በጣቱ ሰበሰበ።

«ርቦኝ ነበር» አለ። «ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሁሉ አንቺን አብላት ይለኛል። ብላ ያለኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ሁለት ወር ሙሉ በዚያች ጉርሻ ራሴን ስበላ የከረምኩት እኔ፣ እሱ በልቶ ይሁን ሳይበላ አንድ ቀን እንኳን ጠይቄው አላውቅም። ታላቅ እህት ተብዬዋ።

እስቲ አሁን ስልካችሁን አስቀምጡ። ቤታችሁ ውስጥ ሰው ሁሉ «እሷን አብላት፣ እሱን አብላው» እያለ የሚልከው፣ እሱን ራሱን ግን «ብላ» ያላለው ሰው ማን ነው?

ሂዱና አጉርሱት። ካለቀሰ ግን፣ በናታችሁ፣ እርጎ አትዘዙለት።